ፍሪሲዮን መራጩ ጌታሁን

መምረጥ የማይችል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ጓደኛዬ ነው፤ ስሙም ጌታሁን ይባላል።

ጌታሁን አንዲት አሮጌ፣ ጉልበተኛ የአሜሪካ መኪና ገዝቶ ጋራዡ ውስጥ እንደ አዲስ ሠራት። ሞተሯ ታደሰ፣ ቀለሟ ተቀባ። የቀረው ፍሪሲዮኑና ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ክብ ብረት፣ ፍላይዊሉ፣ ብቻ ነበር። ቀለል ያለው ፍላይዊል ሞተሩን ቶሎ ያስጮኸዋል፤ ከባዱ ደግሞ ትራፊክ መሀል መኪናዋን ለስለስ አድርጎ ያስነሳታል። ታዲያ የቱ ይሻላል? ይህን ጥያቄ ይዞ ሦስት ዓመት ተቀመጠላችሁ!

እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ የሚኖሩት አባቱ ጋሽ በላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ምኞታቸው ይቺን መኪና አንድ ቀን መንዳት ነበር።

«ልጄ፣ ከባዱን ግጠምና እንሂድ» ይሉታል።

«አባባ፣ ትንሽ ሪሰርች ላድርግ» ይላቸዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ጌታሁን ኮል አደረገልኝ። «ከባዱን ገጠምኩት! አባባን ይዘህልኝ ና!»

ይዣቸው መጣሁ። ደግፈን መሪው ፊት አስቀመጥናቸው። መሪውን በሁለት እጃቸው ሲይዙ ፊታቸው በራ። ከዚያ ግራ እግራቸውን የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ አድርገው ረገጡ። አልወረደም። ደግመው ረገጡ፤ እግራቸው ተንቀጠቀጠ።

«እግሬ ከዳኝ፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «አምና ቢሆን እችል ነበር።»

ጌታሁን አቀርቅሮ ፔዳሉን ተመለከተ። ያለቀሰ መስሎኝ ላጽናናው ስጠጋ፣ ቀና አለና በጆሮዬ ጠየቀኝ፦

«ፔዳሉን ለማቅለል በኬብል የሚሳበው ፍሪሲዮን ይሻላል ወይስ በዘይት ግፊት የሚሠራው?»