የታደለች ኮምጣጣ ዱቄት

ክፉ ሰው ሲበድላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ደጁ ቆማችሁ እስኪበቃችሁ ትሳደባላችሁ። መከራው ደግ ሰው ሲበድላችሁ ነው። ወገባችሁን ይዛችሁ ትሄዱና ገና በር ላይ ስማችሁ ተቆላምጦ፣ ጎመን በቂጣ ቀርቦላችሁ፣ ስድባችሁን ከጎመኑ ጋር ውጣችሁ ትመለሳላችሁ። ከዚህ የባሰ ግፍ አላውቅም።

በደርግ ጊዜ የወንድሜ ልጅ ታደለች አዲስ አበባ ኬሚስትሪ ትማር ነበር። የመመረቂያ ሥራዋ አንድ ነጭ ዱቄት ነው። እኔ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት እንደገባኝ ልንገራችሁ፦ ደቃቅ አፈር በመሰለ ነገር ላይ የሆነ ብረት ዝገት፣ ነጩን፣ በስሱ ታለብስና በእሳት ትተኩሰዋለች። ያኔ ቆዳው ላይ ብቻ አሲድ ያወጣል። ውስጡ ድንጋይ፣ ላዩ ኮምጣጣ። አልኮል በላዩ ሲያልፍ ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል፤ ዱቄቱ ግን ያው ዱቄት ነው። እሷ የምትለካው ያ ቆዳ ምን ያህል እንደኮመጠጠ ነው። ካልለካች ምረቃ የለም።

ለክረምት እኛ ዘንድ ጂንካ ስትመጣ፣ ትቼው ብሄድ ይጠፋብኛል ብላ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዛው መጣች። ጂንካ ሳትደርስ ቀይ አፈር ከተማ ላይ አውቶቡሱ ተበላሸና የባሌ ታላቅ እህት እትዬ ዘነበች ቤት አደረች። ጠዋት የጭነት መኪና ተገኘ ሲባል እየሮጠች ወጥታ ቆርቆሮውን እዚያው ረሳችው።

በሳምንቱ ቆርቆሮው በሹፌር እጅ ጂንካ ደረሰ። ክዳኑን ስንከፍት እስከ አፉ ማር ነው። ሹፌሩ መልእክቱን ነገረን፦ እትዬ ዘነበች የልጅቱን ወተት ቢቀምሱት ኮመጠጣቸው፤ የተበላሸ ወተት ለልጄ አልልክም ብለው ደፉት፤ ቆርቆሮውን በአመድ ፈትገው አጠቡ፤ የሰው ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስምና ማር ሞሉበት።

ታደለች ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። የጮህኩት እኔ ነኝ። በማግሥቱ እጇን ይዤ ቀይ አፈር ወረድኩ።

እትዬ ዘነበች ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

«ወተት አይደለም እንዴ ልጄ?»

«የመመረቂያዬ ነው እትዬ።»

የት ደፉት ብላቸው ዶማ አንስተው ወደ ጓሮ። ፓፓያው ሥር ነው። ከዚያ ወዲህ ዝናቡ አላባራም። ቆፍረው ቆፍረው፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጭቃ እየጎተቱ መጡ።

«ካለ እዚህ ውስጥ አለ፤ ለቅመሽ አውጪው። ካነሰሽ እጨምርልሻለሁ።»

አፌን ልከፍት ስል ታደለች እግሬን ረገጠችኝ። «ይበቃኛል እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ አንድ ዓመት ደግማ ዱቄቱን እንደ አዲስ እንደምትሠራ እያወቀች።

ጂንካ ስንደርስ ጭቃውን አሁን ጣይው አልኳት። «እትዬ መጥተው ቢጠይቁኝስ?» ብላ አልጋዋ ሥር አስገባችው። ክረምቱን ሙሉ ከሥሩ የሚወጣውን ውሃ ስወለውል የከረምኩት እኔ ነኝ።