ሁሉም የተካተተበት ደሴት

ለንደን ውስጥ ሰው የዕረፍት ቦታ የሚመርጠው ማረፍ በማይችልበት ወር ነው። ጥር ላይ። ከቀኑ በአሥር ሰዓት ይጨልማል፣ ማሞቂያው ይንቋቋል እንጂ አይሞቅም፣ አውቶቡስ ውስጥ የሁሉም ሰው ካፖርት እርጥብ ውሻ ውሻ ይሸታል። በዚህ መሃል ስልክህን ስትከፍት አንድ የዘንባባ ዛፍ ወደ ባሕር ጎንበስ ብሎ ይጠብቅሃል። ማስታወቂያ አውጪዎቹ ሥራቸውን ያውቃሉ። ያንኑ ዛፍ በሐምሌ ቢልኩልህ ኖሮ «ፀሐይማ እዚህም ወጥታለች» ብለህ ታልፈው ነበር።

የእኛ ሰው ለረጅም ጊዜ ዕረፍት ሲባል የሚያውቀው አገር ቤት መሄድን ነው። እሱ ደግሞ፣ የሄደበት ያውቀዋል፣ ዕረፍት ሳይሆን የሥራ ዝውውር ነው። ሦስት ሻንጣ የሰው ዕቃ ታደርሳለህ፣ አርባ ቤት ትጋበዛለህ፣ ያልሄድክበት አርባ አንደኛው ቤት ይቀየምሃል። ወደ ለንደን ስትመለስ ሥራ ቦታህ ያለችው ወንበር ራሷ ታሳርፍሃለች። ስለዚህ ባለፈው ጥር እኛ ቤት «ደሴት» የሚለው ቃል ሲነሳ ሁላችንም ትንሽ አፈርን። ማንንም የማናውቅበት አገር ሄዶ መተኛት ብልግና መሰለን።

ቃሉን ያነሳችው ባለቤቴ አልማዝ ናት። አልማዝ ዌምብሊ አካባቢ ባለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ቀን ለልጆቹ ታበስላለች፣ ማታ ለእኛ ታበስላለች፣ ተራዋ ሲደርስ ደግሞ እሑድ ለማኅበሩ ታበስላለች። እኔ ጎልማሶችን ሒሳብ አስተምራለሁ። ወጥ ቤት የምገባው ሰዓት ለማየት ነው፤ የምድጃው ሰዓት ትክክል ነው።

«አንድ ሳምንት» አለች። «ሰባት ቀን ድስት ሳልነካ መኖር እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ የጠየቀችኝ ነገር ይህ ብቻ ነው ብል ውሸት ነው፤ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የጠየቀችኝ ይህን ብቻ ነው። ስለዚህ ፍለጋ ገባሁ። ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ፣ በትልቅ አውሮፕላን፣ ቀጥሎ በትንሽ አውሮፕላን፣ ቀጥሎ በጀልባ የሚደረስበት አንድ ደሴት አገኘሁ። ዓሣ አጥማጆች መንደር ውስጥ የሚከራይ ደስ የሚል ቤትም ነበር።

«ወጥ ቤቱን አየሽው? ባሕሩ በመስኮት ይታያል» አልኳት።

«አየሁት። ባሕሩን እያየሁ ሽንኩርት ልከትፍ?»

ከዚያ ወዲያ ስለ መንደሩ ቤት አልተነሳም። ለንደን የተወለደችው ልጃችን ሄለን ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ አዞረችው። «ማሚ ኦል ኢንክሉሲቭ ነው የሚያስፈልጋት። ብሬክፋስት፣ ላንች፣ ዲነር፣ ኤቭሪቲንግ። ዳድ፣ ጀስት ቡክ ኢት።» ምግቡም መኝታውም በአንድ ዋጋ የተካተተበት ሆቴል ማለቷ ነው። የቀረው ጎጆ መምረጥ ነበር። ውሃ ላይ የቆመው ጎጆ ወለሉ መስታወት ነው፤ ተኝተህ ከሥርህ ዓሣ ሲያልፍ ታያለህ። አልማዝ ሥዕሉን ስታጤን ቆየችና «እኔ ነኝ ዓሣውን የማየው ወይስ ዓሣው እኔን?» ብላ ጠየቀች። የአትክልት ቦታ ውስጥ ያለውን ያዝን።

ቀኑስ? የትምህርት ቤት ሠራተኛ የምትሄደው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። እኛ ቤት ሁለት የቀን መቁጠሪያ አለ። ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈው የትምህርት ቤቱ ነው፤ የሐኪም ቀጠሮና የቆሻሻ መኪና የሚመጣበት ቀን የሚጻፈው እሱ ላይ ነው። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው የቤተ ክርስቲያኑ ነው። በመካከላቸው አራት ሜትር ያህል አለ፤ ተነጋግረው አያውቁም። የኦገስትን ሁለተኛ ሳምንት የመረጥነው ማቀዝቀዣው ጋ ቆመን ነው። ነሐሴ በሩ ጋ ነበር።

ገብቷችኋል አይደል? እኛ እስከ ክረምቱ አጋማሽ አልገባንም። አንድ ቅዳሜ ኪልበርን የሚኖሩት እትዬ ብርሃኔ ደወሉ፤ ከእናት ያልተናነሱ ሴት ናቸው። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር።

«ዘንድሮ ፍልሰታን አብረን ነን አይደል፣ አልማዝዬ?»

አልማዝ እኔን አየችኝ። እኔ በሩን አየሁ። ያኔ ሁለቱ የቀን መቁጠሪያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተዋወቁ።

ሌላ ጾም ቢሆን ምናልባት መላ ይገኝለት ነበር። ፍልሰታ ግን ዓመቱን ሙሉ የማይጾመው ሰው እንኳ የሚጾማት ጾም ናት፤ አልማዝ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ አሳልፋት አታውቅም፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቁላል፣ ዓሣ የለም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም የለም። ቀን ይቀየርልን ብዬ ሆቴሉ ጋ ደወልኩ። አይቀየርም። ምክንያቴን የጠየቀችኝን ልጅ ጾም ነው ብላት «ኦ፣ ለክብደት ነው? እኛ ጋ ጂም አለ» ብላ አበረታታችኝ። ወዳጆቻችን ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊቅ ሆኑ። መንገደኛ አይጾምም አሉን።

«መንገደኛ ማለት በበቅሎ የሚሄድ ነው እንጂ ገንዳ ዳር የሚጋደም አይደለም» አለች አልማዝ። ሽሮ ያዥ ሲሏትም እምቢ አለች። ሽሮ ከያዘች የምትሠራው እሷ ናት፤ ድስት አልነካም ብላለች።

እትዬ ብርሃኔ ግን እኔን ፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ በር ላይ ቀጠሩኝ። ግራ ቀኝ አይተው በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ ጣሉ። ያየን ሰው ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቅ።

«ሽሮ ነው። የተቀመመ ነው። እሷ እንዳታይ።»

«እትዬ ብርሃኔ፣ እሷ ካላየችው ማን ሊሠራው ነው?»

«ምነው፣ እጅህን ምን ነካው?»

እጄን አየሁት። እውነትም ምንም አልነካውም።

ደሴቱ ሥዕሉን ይመስላል፤ ይህን መመስከር ግዴታዬ ነው። ቁርስ ቤቱ ውስጥ ረጅም ነጭ ቆብ የደፋ ሰው ዕንቁላል ወደ ላይ ወርውሮ በመጥበሻ ይቀልባል። አልማዝ ጎኑ ቆማ በባለሙያ ዓይን አየችው፣ አደነቀችው፣ ባዶ እጇን ወጣች። ምሳ በስምንት ሰዓት ተኩል ይነሳል፤ የእሷ ጾም በዘጠኝ ይፈታል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ የሆቴሉ አስተናጋጆች ገበታውን ሁሉ አንስተው ይጨርሳሉ። እራት ላይ ሩዙ ቅቤ አለው፣ ሾርባው ክሬም አለው። እኔ ለአስተናጋጁ «ቪጋን» የምትለዋን፣ ከእንስሳ የተገኘ ነገር ለማይበላ ሰው የምትባለዋን ቃል ሹክ አልኩት። ፊቱ በራ። ከዚያ ወዲያ አናናስ መጣ። የተጠበሰ አናናስ፣ በአናናስ የተሞላ ቃሪያ፣ አናናስ በአናናስ ወጥ። አትክልት በሳምንት አንድ ቀን በጀልባ ነው የሚመጣው፤ አናናስ ግን ደጅ ይበቅላል።

እኔም አብሬያት ጾምኩ። ማለቴ፣ እሷ እያየች።

አስተዳዳሪው ማዳም የማትበላው ተቀይማ ነው ብሎ ደመደመና በየቀኑ ከሰዓት የይቅርታ ኬክ ወደ ጎጇችን ይልክ ጀመር። በቸኮሌት «ይቅርታ» ተብሎ ተጽፎበታል። መመለስ ነውር ነው። ስለዚህ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ቧንቧውን ከፍቼ፣ ይቅርታውን ብቻዬን ተቀበልኩ።

በሦስተኛው ቀን አልማዝን ራስ ምታት ያዛት። ጃንጥላው ሥር ተጋድማ ባሕሩን ሳይሆን የወጥ ቤቱን በር ታያለች።

«ገብቼ አንዲት ድንች ብቀቅል ምን ይሉኛል?» አለች።

ደነገጥኩ። እናንተ አታውቋትም። ዛሬ አንድ ድንች ከቀቀለች ነገ ምስር ትጠይቃለች፣ ከነገ ወዲያ አስተናጋጆቹ ምሳ በልተዋል ወይ ትላለች፣ ሳምንቱ ሳያልቅ የሆቴሉ ወጥ ቤት ኃላፊ ትሆናለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የጠየቀችኝ ሳምንት ዓይኔ እያየ ሊያመልጥ ነው።

«አንቺ ተኚ» አልኳትና ጎጇችን ገብቼ ሻንጣዬን ከፈትኩ።

ዋናው ሼፍ ሉዊ የሚባል፣ ክንዱ እንደ እኔ ጭን የሚሆን፣ ዝምተኛ የደሴቱ ሰው ነው። ፌስታሉን ፈትቶ አሸተተ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ምሳ ከተነሳ በኋላ አንድ ምድጃ ሊለቅልኝ ተስማማ። ሊሠራልኝ ፈልጎ ነበር፤ ግን እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀኝ። ለሃያ ሁለት ዓመት የበላሁትን ነገር እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም። ሽንኩርቱን አቃጥዬ አነሳሁ፣ ሌላ ከተፍኩና በፍርሃት ጥሬውን ተውኩት፣ ሽሮውን በአንድ ጊዜ ገለበጥኩት። ጓጎለ። ሉዊ ሐዘን የደረሰበት ሰው እንደሚታይ አየኝና የዕንቁላል መምቻ አቀበለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳህኑንና ቅቤ ያልነካው ዳቦ ይዤ ጃንጥላው ሥር ደረስኩ። አልማዝ ቀና አለች።

«ማን ሠራው?»

«ሼፉ» አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ እስካሁን አላውቅም። እኔ ነኝ ብል ተነስታ ወጥ ቤት የምትገባ መሰለኝ።

ቀመሰች። ለረጅም ጊዜ አላመጠች፤ ሽሮ እንደማይላመጥ ታውቃላችሁ። «ይሄ ሰውዬ» አለች፣ «ሽንኩርቱ ሳይበስልለት ነው ሽሮውን የከተተው። ደግሞ ችኩል ነው።» ሳህኑን ግን በዳቦው ጠርጋ መለሰችልኝ።

በማግስቱ «ለሼፉ ንገረው፣ ውሃው ይፍላለት፣ እየነሰነሰ ያማስል» አለችኝ። ነገርኩት። በሚቀጥለው ቀን ሼፉ ጨው ፈርቷል ተባለ፤ ቀጥሎ ደግሞ እሳት አብዝቷል። እኔ እየሄድኩ አደርሳለሁ፣ ሉዊ ክንዱን አጣምሮ ይስቃል። በመጨረሻው ቀን ሽሮው እየተንተከተከ ወጣ፣ ዘይቱ ከላይ ብልጭ አለ። አልማዝ በላችና ምንም አላለችም። አስተያየት ያልተሰጠበት ምግብ በእኛ ቤት ትልቁ ሽልማት ነው። ሰባት ቀን ሙሉ ድስት ሳትነካ፣ ፊቷ ጠይም ወርቅ መስሎ፣ ወደ ለንደን ተመለስን።

ጾሙ በተፈታ ሳምንት እትዬ ብርሃኔ ቤት ተሰበሰብን። አልማዝ ስለ ዓሣው፣ ስለ አናናሱ ተረከች፤ ሰው በሳቅ ሞተ። ከዚያ ስለ ሼፉ ጀመረች።

«ሽሮ የማያውቅ ሰው! በአምስት ቀን እኮ ነው የተማረው። እዚህ ቢሆን ረቡዕና አርብን ለእሱ ትቼ እግሬን እሰቅል ነበር።»

እትዬ ብርሃኔ እኔን ያዩኛል። አልማዝ ሻይ ትቀዳለች፣ ቀና አትልም። እንግዲህ ፍረዱኝ። በአንድ በኩል በሕይወቴ የሠራሁት ብቸኛ የሚነገርለት ነገር በሌላ ሰው ስም ሲመሰገን ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ በሌላ በኩል በዓመት ስንት ረቡዕ፣ ስንት አርብ እንዳለ ማስላት የእኔ ሙያ ነው። አሰላሁ። ሻዬን ጠጣሁ።

በቀጣዩ ረቡዕ ከሥራ ስገባ ቤቱ ጸጥ ብሏል። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ ቢላዋ፣ የሽሮው ዕቃና አዲስ የዕንቁላል መምቻ በሥርዓት ተደርድረዋል። አልማዝ ሳሎን ውስጥ ናት፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሶፋው ላይ አድርጋለች። ኮቴን ሳላወልቅ ትንሽ ቆምኩ። ቴሌቪዥኑን ሳትቀንስ ተናገረች፦

«ለሦስት ሰው አድርገው። ሄለንም ትመጣለች።»