የንብረት ቁጥር የተለጠፈበት ፍላሽ

ካዛንቺስ ውስጥ ስሙን መጥራት ለትሕትናው የማይስማማው አንድ መሥሪያ ቤት አለ። እዚያ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ወርቄ ቁጥር ያልለጠፉበት ዕቃ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። የቆሻሻ ቅርጫቱ እንኳ ማንነቱን ያውቃል። እንዲህ ያሉ ሴት ጡረታ ሲወጡ በባዶ እጅ መሸኘት ነውር ስለሆነ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ድግስ ተዘጋጀ። እሳቸው ግን የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ላንቻ ያለው ሳሎናቸው ውስጥ የሚሰቀል፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር የሚነሡት ፎቶ።

ምን ያደርጋል፣ የዲጂታል ካሜራው ፍላሽ አልበራ አለ። ተሸኚዋም ሥራ አስኪያጁም ጥላ ሆነው ወጡ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሃድጉ ቆራጥ መሪ ናቸውና ለስላሳው ሳይከፈት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ባትሪ ቀየረ። መልሶ ቀየረ። በመጨረሻም «ካሜራው ከአዳራሹ ጋር አልተናበበም» ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ይህን የመሰለ ውሳኔ ያበላሸችው የሕዝብ ግንኙነቷ ሉሊ ናት።

«ጋሼ ሃድጉ፣ በቃ ተገኘ። ፍላሹ ላይ የንብረት ቁጥር ተለጥፏል።»

«ይላጥ እንጂ ታዲያ።»

ወይዘሮ ወርቄ ከክብር ወንበራቸው ተነሡ። «መመሪያው በግልጽ በሚታይ ቦታ ይለጠፍ ይላል። እኔ እያለሁ የተለጠፈ አይላጥም።»

«እትዬ ወርቄ፣ ማለቴ፣ የራስዎ ፎቶ እኮ ነው» አለች ሉሊ።

«የራሴ ሲሆን አይደል መመሪያ የሚከበረው።»

ተጨበጨበ። ሕዝቡ ወንበሩን ተሸክሞ ወደ ግቢው ወጣ። ፀሐይ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ባለመሆኗ ቁጥር አልተለጠፈባትምና ፎቶው አማረ።

በሳምንቱ ፎቶው በመሥሪያ ቤቱ ወጪ በፍሬም ተደርጎ ሲሰጣቸው ወይዘሮ ወርቄ ደስታቸው ወደር አጣ። ዓይናቸው እንባ ቢያቀርርም እጃቸው ግን ልማዱን አልረሳም፤ ፍሬሙ ላይ ቁጥር ለጠፉበት። ከዚያ ታቅፈውት ወደ በሩ ሄዱ።

«የመውጫ ወረቀት አለው?» አላቸው ጥበቃው አባዲ።

«አባዲ፣ መውጫ የምፈርመው እኔ አልነበርኩም እንዴ?»

«ነበሩ እንጂ፣ እትዬ። አሁን ጡረታ ወጡ። የተተካ ሰው ደግሞ የለም።»

ይህን ያስተማሩት ራሳቸው ናቸውና ፎቶውን መልሰው አስረከቡ። ፎቶው እስከ ዛሬ ንብረት ክፍል ተሰቅሏል። ወይዘሮ ወርቄ ሊያዩት ሲመጡ በሩ ላይ መታወቂያ አስይዘው ይገባሉ።