አንዲት እርማት አለችኝ

ሰው ሲሳሳት ሰምቶ ማለፍ የማይችል አንድ ሰው በየሰፈሩ አለ። ሁለት ከሆኑ ሰፈሩ ሰላም አያድርም። ሠርግ ላይ ሙሽራው ሲናገር «የተዋወቃችሁት እኮ ማክሰኞ ሳይሆን ረቡዕ ነው» የሚለው እሱ ነው። ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ ጎኑ የተቀመጠው ሰው ስለ ገዛ ራሱ ሕመም ሲያወራ የሚያርመውም እሱ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መንገድ ላይ ስናገኘውም ስልክ የምናወራ መስለን እናልፈዋለን።

የዚህ ወገን ሁሉ የበላይ የሆኑትን ሰው ግን የማውቃቸው እኔ ነኝ። ሥራቸው አስጎብኚነት ነው። ከከተማው ዳር ያለውን ጥንታዊ ፍርስራሽና መሃሉ ላይ የቆመውን፣ ግድግዳው በሥዕል የተሞላ የጸሎት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አስጎብኝተዋል። በልቤ ክቡር እርማት እላቸዋለሁ። ሌሎች አራሚዎች የሚያርሙት ሰውን ነው፤ ክቡርነታቸው የሚያርሙት ራሳቸውን ነው። ያውም ጉብኝቱ ካለቀ በኋላ፣ በስልክ፣ ዓመታት ቢያልፉም።

ያስጎበኙት ሰው ሁሉ ስልክ ቁጥር በአንድ ጥቁር ደብተር ሰፍሯል። የተናገሩት ነገር ስህተት መሆኑን የደረሱበት ዕለት ደብተሩን ይከፍታሉ፣ መነጽራቸውን ያደርጋሉ፣ ይደውላሉ። «አንዲት እርማት አለችኝ» ብለው ነው የሚጀምሩት። በጸሎት ቤቱ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክት ዘጠኝ ሳይሆኑ አሥር መሆናቸውን፣ አሥረኛው ምሰሶ ጋርዶት ክንፉ ብቻ እንደሚታይ ያወቁ ጊዜ ለአራት መቶ ሰው ደውለዋል ይባላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከስድስት ዓመት በፊት ከባሏ ጋር ለጎበኘች አንዲት ሴት ደወሉ።

«የፈረሰኛው ቅዱስ ፈረስ ቀይ ነው ብያችሁ ነበር፤ ሥዕሉ ሲጸዳ ነጭ ሆኖ ተገኘ። እባክዎን ለባለቤትዎም ይንገሩልኝ።»

«ጋሼ፣ እሱም ውሎ ሲያድር ሌላ ሰው ሆኖ ነው የተገኘው። ከተለያየን ቆየን» አለቻቸው።

ክቡርነታቸው አዝነው፣ አጽናንተው፣ የሰውየውን ቁጥር ተቀብለው ለብቻው ደወሉለት።

እኔን ከእሳቸው ጋር ያገናኘኝ የእናቴ ነገር ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ከቤት አልወጣም ብላ አንድ ዓመት ተኩል ተቀምጣ ነበር። ምግብ ስትበላ እንኳ ለእኔ ብላ እንደምትበላ ያስታውቅባታል። አባቴ ግንበኛ ነበር፤ ያውም ቱንቢ የማይዝ ግንበኛ። ግድግዳ ቀጥ ማለቱን ለማየት ክር ላይ ብረት ማንጠልጠል ለሱ ውርደት ነበር። «ዓይኔ ቱንቢዬ ነው» ይል ነበር። በገዛ እጁ የሠራው ማድቤታችን ውስጥ ቁም ሣጥንና ግድግዳ ገጥመው አያውቁም፤ በመሃላቸው ማንኪያ እየገባ ይቀራል።

እናቴ ከሁሉ አብዝታ የምታነሳው ግን አንድ ነገር ነበር። ሳይጋቡ በፊት፣ ያ ፍርስራሽ ሲጠገን፣ አባቴ እዚያ አንድ በጋ ሠርቷል። «የቱ ጋ እንደሆነ ሳልጠይቀው ሞተ። እጁ ያረፈበትን አንድ ጊዜ ባየሁት» ትላለች። በዚህ ምክንያት አስጎብኚ ለሙሉ ቀን፣ ለሁለታችን ብቻ ያዝኩ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ያልቆምንበት ድንጋይ የለም። «ይህ የእህል ማከማቻ ነበር። ይቅርታ፣ ነበር ተብሎ ይታመናል» ይላሉ ክቡርነታቸው። ጸሎት ቤቱ ውስጥ ኃጥአን ወደ እሳት ሲወርዱ የሚያሳየው ሥዕል ፊት ቆመው «ሃያ ሦስት ኃጥአን ናቸው» ካሉ በኋላ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እንደገና ቆጠሩ። «ሃያ አራት! ይሄኛው ደግሞ ከየት መጣ?» አሉ፣ ዛሬ ጠዋት ሾልኮ የገባባቸው ይመስል። እናቴ ፈገግ አለች። ያንን ፈገግታ ለማየት አንድ ዓመት ተኩል ጠብቄያለሁ።

በመጨረሻ የአባቴን ነገር አነሳሁባቸው። ዓመቱን ጠየቁ፣ በጣታቸው ቆጠሩ፣ ወደ ትልቁ በር ይዘውን ሄዱ። የበሩ ቅስት ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ እስኪመስል ድረስ ገጥሟል።

«እመቤቴ፣ በዚያ ዓመት የተጠገነው ይህ ነው። ባለቤትዎ የታሪክ ሰው ናቸው።»

እናቴ መዳፏን ድንጋዩ ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። እኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ክቡርነታቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፎቶ አነሳኋት፤ አሳድጌ፣ በፍሬም አድርጌ ሳሎን ሰቀልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ መስኮት መክፈት፣ ጎረቤት ብቅ ማለት ጀመረች። ሁሉንም ቅስቱ ያደረገው መሰለኝ፤ ለመጣው ዘመድ ሁሉ ታሪኩን የምናገረውም እኔ ነበርኩ።

በሦስተኛው ወር ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ አንዲት እርማት አለችኝ።»

የቅስቱ ነገር መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ዕቃ ቤት ሲያገላብጡ የዚያን በጋ የሠራተኞች መቆጣጠሪያ መዝገብ አግኝተዋል። ቅስቱን የሠሩት ከሌላ ከተማ የመጡ ግንበኞች ናቸው። የአባቴ ስም ያለው ሌላ ገጽ ላይ ነው፤ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለውን የአፈር መከላከያ ግንብ ከሠሩት ጋር።

«ጋሼ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ለእናቴ እንዳይነግሯት። በዚያ ፎቶ ነው ቆማ የምትሄደው።»

«ልጄ፣ እኔ ስለ ክንፍ ለአራት መቶ ሰው ደውያለሁ። ስለ ባል ዝም ልበል?»

«ይበሉ!»

ዝም ለማለት ቃል ገቡ። የቻሉት አሥራ አንድ ቀን ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሩን ስከፍት ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ ከስተዋል። በሩን መልሼ ልዘጋው ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ማነው?» አለች እናቴ ከውስጥ።

«ተሳስተው ነው የመጡት» አልኩ።

«አልተሳሳትኩም» አሉ ክቡርነታቸው። ይህቺን ማለፍ እንዴት ይችሏታል?

ገብተው ልክ ከፎቶው ሥር ተቀመጡ። ውሃ ቀረበላቸው፤ አልጠጡም። ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ተክለው መዝገቡንም፣ ቅስቱንም፣ መጸዳጃ ቤቱንም አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። እኔ እናቴን ማየት ፈርቼ መስኮቱን አያለሁ።

«አውቄዋለሁ» አለች እናቴ።

ሁለታችንም ቀና አልን።

«ወንድሜ፣ ያ ቅስት እኮ ልክክ ብሎ የገጠመ ነው። የኔ ባል በሕይወቱ የገጠመ ነገር ሠርቶ አያውቅም። ካላመኑኝ ማድቤት ይግቡና የገባውን ማንኪያ ይልቀሙ።»

«ታዲያ ያኔ ምን ነካሽ እማዬ? እጅሽን አሳርፈሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ…»

«ጉልበቴን አሞኝ ነዋ! ከጠዋት ጀምሮ መቀመጫ የለ። ዓይኔን ስገልጥ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። ምን ልበል? ያን ያህል ደስ ብሏቸው ያሳዩኝን ሰው እንዴት ላሳፍራቸው?»

ክቡርነታቸው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያርሙት ጠፋባቸው። እናቴ ግን ተነስታ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የመንገድ ጫማዋን ታጠልቅ ጀመር።

«ትክክለኛውን ካገኙት ይውሰዱኝ» አለች።

የፈራሁት ሁሉ እዚያ ጠበቀኝ፤ የውሃ ጋን፣ የተጣለ መጥረጊያ፣ «የወንዶች» የሚል ቀስት ያለበት ሰሌዳ፣ ከሰሌዳው ቀጥሎ ግንቡ። ለማንም የማይታይ፣ ማንም ፎቶ ያላነሳው፣ ወገብ የሚያህል የድንጋይ ግንብ። ከአንደኛው ጫፍ ቀጥ ብሎ ይነሳና መሃል ላይ ሲደርስ ሐሳቡን የቀየረ ይመስል ወደ ግራ ያዘነብላል።

እናቴ እንዳየችው ሳቀች። ጮክ ብላ፣ ሆዷን ይዛ፣ አባቴ በሕይወት እያለ እንደምትስቀው ሳቀች። «ይሄው አንተ! ይሄውልህ! ዓይኔ ቱንቢዬ ነው ትል ነበር!» እያለች ግንቡን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ እጇ ድንጋዩ ላይ ቀረ፤ ዕንባዋ መጣ። ይህን ጊዜ የተደገፈችው ጉልበቷን አሟት አልነበረም። አባቴን አገኘችው። ልደብቅባት የነበረው ይህን ነው፤ እስካሁን ሳስበው አፍራለሁ።

«አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ አልወደቀም» አሉ ክቡርነታቸው ቀስ ብለው። ቀጥለው መዝገቡን አስታወሱና «ይቅርታ፣ አርባ ሦስት» አሉ።

አሁን ሳሎናችን ውስጥ ሁለት ፎቶ አለ። በሁለተኛው ላይ እናቴ አፏን ከፍታ ስትስቅ ከጎኗ «የወንዶች» የሚለው ሰሌዳ ከነቀስቱ ይታያል። ዘመድ ሲጠይቅ መልስ የምትሰጠው እሷ ናት። ክቡርነታቸውም ጎብኚውን ሁሉ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ይወስዳሉ፤ ባለፈው ወር ቱንቢ ገዝተው ግንቡን ለክተው ደውለውልን ነበር። ቀደም ሲል ሦስት ጣት አዘንብሏል ያሉን አራት ጣት ነው። እናቴ ቀኑን ሙሉ ኮራች።

ሰሞኑን ግን መደወል አቆሙ። «ያ ሰውዬ ምነው? ስህተት አልቆበት ይሆን?» እያለች እናቴ ስትጨነቅ አላስቻለኝም። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ነው። የጣሪያው መላእክት ዘጠኝ ነበሩ አይደል?»

ወንበራቸውን ሲስቡ፣ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ተሰማኝ። እናቴም እንድትሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረግኩት።