ኅሊና የት ትቀመጥ?

ኅዳር ስድስት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ በአሜሪካዋ ብሩክሊን ፓርክ ከተማ፣ በኪራይ አዳራሽ ውስጥ የእድራችን ስብሰባ ተከፈተ። አንባቢ ሆይ፣ «ተቃውሞ የለኝም፤ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ» የሚል ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? የእኛው አቶ ታደሰ ይባላሉ።

ለሰብሳቢነት የተጠቆመችው ኅሊና ትራንስጀንደር ሴት ናት፤ ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች። በእድራችን ልማድ ደግሞ ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ ተቀምጠው እጅ ያወጣሉ።

«ተቃውሞ የለኝም» አሉ አቶ ታደሰ ተነሥተው። «ግን በየት በኩል ትቀመጥ? ይህ ሳይወሰን መምረጥም መመረጥም አትችልም።»

የዓለም ሰላም በዚያች ወንበር ላይ የተንጠለጠለ ይመስል ሁለት ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ እርሳቸው ወንበሯ ከበሩ ውጭ እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ፤ ከሁለቱም ወገን እኩል ይርቃልና!

ይህን ጊዜ የወሎዋ እትዬ ዘይነባ ብድግ አሉ። «አንተ ታደሰ! እናትህ ያረፉ ጊዜ፣ ኅሊና ለቅሶ ቤትህ ውስጥ እህል ውኃ ስታቀርብልን በየት በኩል እንደቆመች ጠይቀሃል? ኅሊናዬ፣ ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ!»

ኅሊና ስትቀመጥ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የኪራይ ሰዓታችን ስላለቀ ግን ምርጫው አደረ።

በማግስቱ ጠዋት ኅሊና በአብላጫ ድምፅ ሰብሳቢያችን ሆነች፤ ሁሉም በፈለገበት እንዲቀመጥ፣ ወንበሮቹንም አቶ ታደሰ እንዲደረድሩ ተወሰነ። ተቃውሞ አልነበራቸውም፤ ጥያቄም።