ድምፅ ያጣው ሠርግ

(ቀራንዮ፣ በጡረተኛው በኮሎኔል ያደሳ ሳሎን። እሑድ ከሰዓት። ጉልላት 18 ማዞሪያ ካለው ቤቱ በባጃጅ ጭኖ ያመጣውን ኮምፒውተር ከኮሎኔሉ አዲስ ግዙፍ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቷል። የኮሎኔሉ ወንድ ልጅ ሲዳር ቪዲዮውን የቀረፀው እሱ ነው፤ ዛሬ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሊያይለት ነው። ጉልላት ግን በሆዱ የያዘው ሌላም ጉዳይ አለ፦ በሚቀጥለው ሳምንት የኮሎኔሉን ሴት ልጅ፣ ጸሎትን፣ ለማግባት ሽማግሌ ሊልክ አስቧል። ዛሬ መዋረድ የለበትም። ባለቤቶቹ ከዕድር ስብሰባ እስኪመለሱ ጓደኛው ሮቤራ አብሮት አለ። ሥዕሉ መጥቷል፤ ድምፁ የለም።)

ሮቤራ: ገመዱ ተገልብጦ ነው የተሰካው ስልህ!

ጉልላት: ይሄ ገመድ ተገልብጦ አይገባም!

ሮቤራ: ገፋ ካደረግከው ሁሉም ይገባል።

ጉልላት: እጅህን አንሳ! ሥዕል ከመጣ ገመዱ ደህና ነው። ሥዕልም ድምፅም በአንድ ገመድ ነው የሚሄዱት።

ሮቤራ: አብረው ተነስተው ድምፁ መንገድ ላይ ወረደ?

ጉልላት: (በረጅሙ ተንፍሶ) ስማኝ። ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሲስተም ነው። ሊኑክስ ነፃ ነው፣ ቫይረስ አይገባውም።

ሮቤራ: ድምፅም አልገባውም።

ጉልላት: ሥዕልና ድምፅ የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ዘንድሮ የገዛሁት አዲስ ነው። ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባ ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም አለ። አስተርጓሚ በለው።

ሮቤራ: ሥዕል ተርጉሞ ድምፅ ሲሆን ዝም የሚል አስተርጓሚ?

ጉልላት: አዎ! አሮጌ ስለሆነ የአዲሱን ካርድ የድምፅ ክፍል አያውቀውም።

ሮቤራ: ጉሌ፣ ታዲያ ለምን ያለ ድምፅ አይታይም? ሙሽራዋ ታምራለች፣ ሙሽራው ይስቃል። ሌላ ምን ቀረ?

ጉልላት: ያለ ድምፅ ሠርግ? እልልታው የታል? ዘፈኑ የታል?

ሮቤራ: እልልታውን ወርቅዬ እዚሁ ያቀልጡልናል። የሙሽራው እናት አይደሉ?

ጉልላት: (አልሰማውም፤ ስክሪኑ ላይ ነጭ ጽሑፍ እየወረደ ነው) አሃ! አገኘሁት! ከርነሉ ነው ችግሩ!

ሮቤራ: (ወደ በሩ እያየ) ቀስ በል!

ጉልላት: ምን ቀስ እላለሁ? በጣም አርጅቷል። አዲስ ነገር ሲመጣለት ግራ ይጋባል።

ሮቤራ: በገዛ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠህ?

ጉልላት: እስከ ዛሬም የታገስኩት እኔ ነኝ። አሁን አውርጄው በሌላ እተካዋለሁ።

ሮቤራ: ጸሎትስ ምን ትላለች?

ጉልላት: ጸሎት ስለ ከርነል ምን ታውቃለች?

ሮቤራ: አባቷን አታውቅም?

ጉልላት: (ጭንቅላቱን ይዞ) ከርነል! ኮሎኔል አላልኩም፤ ከ-ር-ነ-ል! የሲስተሙ አስኳል ማለት ነው።

ሮቤራ: አሁን ደግሞ እንቁላል ሆነ?

ጉልላት: አንተን ይዞ የመጣ ራሱ ጅል ነው። ስልክህን አምጣ፣ በዳታህ አዲሱን ላውርድ።

ሮቤራ: ጥቅሌ አልቋል።

ጉልላት: አሁን ቪዲዮ ታይ አልነበር?

ሮቤራ: እሱ ነው የጨረሰው። ጉሌ፣ ቪዲዮ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልንገርህ። የሠርጉን ቪዲዮ ከላክህልኝ በኋላ ስልኬ ላይ…

ጉልላት: ስልኩን አምጣ አልኩ! (ከእጁ ነጥቆ ያገናኛል)

ሮቤራ: አንተ ግን ስትቆራርጠው ድምፁን አንድ ቀን እንኳ ሰምተኸዋል?

ጉልላት: በምን እሰማለሁ? ቤቴ ያለው ስክሪን ስፒከር የለውም። ደግሞ ምን ያደርግልኛል፤ ዘፈንና ጭብጨባ ነው።

ሮቤራ: ዘፈንና ጭብጨባ ብቻ ከሆነማ ጥሩ። ግን ስልኩን አፍህ ሥር ይዘህ ስትቀርፅ…

ጉልላት: ሮቤ! በማታውቀው አትግባ። ዝም ብለህ ተቀመጥ።

ሮቤራ: (ይቀመጣል) እሺ። ዝም።

(ማውረዱ አለቀ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሳ። ጉልላት ቪዲዮውን ሲከፍት ከቴሌቪዥኑ ጥርት ያለ የክራር ድምፅ ወጣ። ጉልላት ከደስታው ብዛት ዘለለ። በዚያው ቅጽበት በሩ ተከፈተና ኮሎኔል ያደሳ ከባለቤታቸው ከወርቅዬና ከልጃቸው ከጸሎት ጋር ገቡ።)

ኮሎኔል: አቤት ድምፅ! ጎሽ የኔ ልጅ! (ሪሞቱን አንስተው ጨመር እያደረጉ ተቀመጡ) እውቀት ማለት እንዲህ ነው።

ጉልላት: (ጸሎትን በዓይኑ ጠርዝ እያየ) ቀላል ነገር ነው፣ ኮሎኔል። ከርነሉን ማደስ ብቻ ነበር።

(ስክሪኑ ላይ ኮሎኔሉ ከረባታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ይጨፍራሉ። ከዘፈኑ በላይ የጉልላት የራሱ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው፦ «ሮቤ፣ ኮሎኔሉን እያቸው! ይሄ እስክስታ ነው ወይስ ጉንዳን ገብቶባቸው ነው? ትከሻቸው ግራ ዙር ሲባል ቀኝ ይዞራል! ወርቅዬንማ ተዋቸው፣ ክትፎው አጠገብ ድንኳን ተክለዋል!»)

(ጸሎት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። ወርቅዬ ጉልላትን ከእግር እስከ ራሱ በዓይናቸው ለኩት።)

ጉልላት: እ… ኮሎኔል… ሪሞቱን ቢሰጡኝ… የቴክኒክ ችግር ነው…

ኮሎኔል: የምን ችግር? ቃል በቃል ይሰማል።

ጉልላት: (በሹክሹክታ) አንተ! ለምን አልነገርከኝም?

ሮቤራ: ያለ ድምፅ ይታይ አልኩህ። ጥቅሌ አልቋል ብዬ ዋሸሁልህ። ጀምሬ ስነግርህ «ዝም ብለህ ተቀመጥ» አልከኝ። ተቀመጥኩ።

ኮሎኔል: (ሪሞቱን አስቀምጠው ተነሱ፤ ፊታቸው የተቆጣ ይሁን የሳቀ አይታወቅም) ጉልላት፣ ጠረጴዛውን ወደዚያ ግፋ።

ጉልላት: ለ… ለምን፣ ኮሎኔል?

ኮሎኔል: እስክስታ አዋቂ ቤታችን ገብቶ ሳንማርማ አንለቀውም። በል፣ መሐል ግባ። ወርቅዬ፣ አጨብጭቢለት!

(ወርቅዬ ማጨብጨብ ጀመሩ። ጸሎት ነጠላዋን ገልጣ ሳቋን ለቀቀችው። ጉልላት ላብ በላብ ሆኖ መሐል ገባና አንድ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ሌላው ትከሻው እምቢ አለ። ሮቤራ ስልኩን ከኮምፒውተሩ ነቅሎ ወደ እሱ አነጣጠረ።)

ጉልላት: ሮቤ! ምን እያደረግክ ነው?

ሮቤራ: ጨፍር፣ ጉሌ፣ አትሳቀቅ። እኔ ስቀርፅ አላወራም።