አራት አውራ ለሰባት ዶሮ

ዶሮ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረችበት ዘመን አንስቶ ማንም አስተዋይ ያላየውን የአሠራር ክፍተት አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ያዩት፣ ጡረታ በወጡ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በፒጃማ ጓሮ ቆመው ጥርሳቸውን ሲቦርሹ ነው።

በጓሮው የባለቤታቸው የሆኑ ሰባት ሴት ዶሮዎችና አንድ አውራ ነበሩ። አውራው ማለዳ ይጮኻል። ጥሬ ሲያገኝ ራሱ ሳይቀምስ ሴቶቹን ይጠራል። ጭልፊት ሲያይ ያስጠነቅቃል። በተረፈው ጊዜ ደግሞ የታወቀውን ሌላ ተግባሩን ይፈጽማል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ያለ ምክትል ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የመምሪያ ኃላፊ የነበሩት ሰው ብሩሹን ከአፋቸው አወጡ።

«ይኼ አውራ የሥራ ጫና አለበት» አሉ።

«ማን ነገረህ? እሱ ነው?» አሉ ባለቤታቸው እንቁላል እየለቀሙ።

«እሱማ አይናገርም። ጨዋ ሠራተኛ ነው።»

«ስድስት እንቁላል። ትናንትም ስድስት። እባክህ የሚሠራ ነገር አትነካካ።»

የሚሠራን ነገር አለመነካካት ግን ለአንድ ኃላፊ ዳግመኛ ጡረታ መውጣት ነው። በማግሥቱ ምክትል አውራ በካርቶን ገባ።

ምክትሉ ሥራውን በትጋት ጀመረ፤ ማለትም ዋናውን አናቱ ላይ ነቆረው። ዋናውም አልተኛለትም። ኃላፊው ሁኔታውን «የሥልጣን ወሰን በግልጽ አለመለየት» ብለው ፈረጁና ሁለቱን የሚያስማማ ሦስተኛ አውራ አመጡ። አስማሚው ያለ አድልዎ ሁለቱንም ደበደበ። ስለዚህ አስማሚውን የሚከታተል አራተኛ አስፈለገ። በዚህ ረገድ ሊወቀሱ አይገባም፤ እያንዳንዱን አውራ ያመጡት ከቀዳሚው በቂ ትምህርት ቀስመው ነው።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ በቀን አራት ጊዜ ይነጋ ጀመር።

«ጋሼ» አለ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው፣ አንገቱን በአጥሩ ላይ አስግጎ፣ «ለኔ እንኳ አንዴ ቢነጋልኝ ይበቃኝ ነበር።»

«የፈረቃው ጉዳይ በጥናት ላይ ነው» አሉት።

አራቱ እርስ በርስ በማይደባደቡበት ጊዜ ሰባቱን ያሳድዳሉ። ክፉኛ የተጎዳችው ገብስማዋ ናት፤ ባለቤታቸው ጫጩት ሳለች ከበሽታ ያተረፏት፣ ካልሲ ውስጥ ከትተው ያሳደጓት፣ የዓይናቸው ብሌን።

«እስቲ ጀርባዋን እይ። የተላጠ ድንች መስላለች።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አጠለቁ። «አዎ፣ የላባ ብክነት ይታያል።»

«ብክነት? አንተ ሰውዬ፣ አራት ጎረምሳ እየተፈራረቀባት ላባ ከየት ይምጣ? ሦስቱን አስወጣልኝ።»

«ለሠራተኛ ቅነሳ ጊዜው ገና ነው።»

ወይዘሮዋ ክርክር አላበዙም። ቁም ሣጥኑን ከፈቱና ባላቸው የመሰናበቻቸው ዕለት የለበሱትን ኮት ይዘው ወደ ልብስ ሰፊው ሄዱ። በማግሥቱ ሰባቱም ዶሮዎች በክንፋቸው ሥር በላስቲክ የተያዘች የጀርባ ልብስ ለብሰው ብቅ አሉ። ለገብስማዋ የደረት ኪሱ ደርሷት ነበር፤ የእስክሪብቶው ቀለም ሳይቀር።

ኃላፊው ኮታቸውን አወቁት። ላስቲኩን ሳብ አድርገው ፈተሹ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«የደንብ ልብስ» አሉ። «ይኼን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።»

ልብሱ ጀርባ አዳነ፤ ሰላም ግን አላወረደም። እንቁላሉ ከስድስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ምንም ወረደ። ገብስማዋ የውኃው ታንከር አናት ላይ ወጥታ አልወርድም አለች። ጥሬ ሲበተንላት ቁልቁል ታያለች፤ አራቱን ታያለች፤ ይቅርብኝ ብላ ትመለሳለች። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ይከደን ጀመር።

«ይቺ ዶሮ ከሞተች» አሉ ወይዘሮዋ፣ ባላቸው በሃያ ስድስት ዓመት ስብሰባ ሰምተውት በማያውቁት ቀስታ፣ «አንተንም አውራዎችህንም በአንድ ጆንያ ነው የማወጣችሁ።»

«ገብቶኛል። አስቸኳይ መፍትሔ ያስፈልጋል።»

«ተመስገን። ምን?»

«አምስተኛ አውራ።»

ወይዘሮዋ ልብስ ሰፊውን ጠሩና ከቤቱ ጀርባ፣ ሴቶቹ በማይታዩበት ቦታ፣ አብረው ሽቦ አጠሩ። ምክትሉን፣ አስማሚውንና ተከታታዩን እግራቸውን ይዘው ወደዚያ አሻገሯቸው። ዋናው አውራ ባዶ የቀረውን ጓሮ ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ከጥሬው ላይ ቆመና ሴቶቹን ጠራ። ገብስማዋ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ኮቷን እንደለበሰች ዘፍ ብላ ወረደችና በላች።

ሦስቱም ከሽቦው ወዲያ የሚጣሉበት ሴት ሲያጡ እንደ ወንድማማች ጎን ለጎን አፈር ይጭሩ ጀመር። ኃላፊው ይህን ሲያዩ ወንበራቸውን ይዘው ወደ ሽቦው አጥር ውስጥ ገቡ፤ በቅርብ ክትትላቸው የተገኘውን ውጤት በሪፖርት ማስፈር ነበረባቸው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ምሳቸውን በሽቦው በኩል ተቀበሉ።

«እትዬ» አለ ልብስ ሰፊው መዶሻውን እየሰበሰበ፣ «ዋናው ከሴቶቹ ጋር ከሆነ፣ እዚህ የቀሩት ሦስት ናቸው ማለት ነው?»

«አራት» አሉ ወይዘሮዋ፣ የሽቦውን በር ከውጭ እየቀረቀሩ።